በረዶ መላሹን ተከትዬ የዋልኩበት ቀን

የዚያ አቅማዳ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በደንብ ያልለፋ የፍየል ቆዳ ነበር። ሆዱ ውስጥ የሻገተ ቅቤ ያለበት ቅል፣ ዝገት የበላው ማረሻ፣ ላብ የጠጣ ክታብ፣ ደግሞም ምን እንደሆነ ጠይቄ የማላውቀው በጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር ነገር ነበረበት። ዝናብ ሲነካው እንደ ሞተ አይጥ ይሸታል። ሦስት ክረምት ጀርባዬ ላይ አዝዬው ዞሬአለሁ። ልብሴን ሳወልቅ እንኳ ሽታው ከገላዬ አይወርድም ነበር።

አቅማዳው የባሌ አጎት ንብረት ነው። እሳቸው ደብተራ ነበሩ፤ ሥራቸው ግን በረዶ መመለስ ነው። አዝመራ ሊደርስ ሲል ሰማዩ ከጠቆረ ከቤት ይወጣሉ፤ ይደግማሉ፤ ማረሻውን ወደ ደመናው ያነሱና በረዶውን ሰው ወደሌለበት ወይም ወደ ጣና ይሸኙታል። ሰው ደግሞ እህሉን ሲያስገባ ያቅሙን ይሰፍርላቸዋል። እኛም ያንን እንበላለን። እኛ የምለው እሳቸውንና እኔን ነው። ባሌን ለዘመቻ ወስደውት ወሬው ጠፍቶ ነበር። ልጅ ያኔ አልወለድኩም። የእሳቸው ሚስት ሞተዋል። ወረታ ዳር ካለው ጎጇቸው ተጠግቼ እኖር ነበር፤ ጓዝ ተሸካሚያቸው የሆንኩትም ሌላ ሰው ስለሌላቸው ነው።

ጓዝ መሸከም ሕግ አለው። ተሸካሚ እህል ሳይቀምስ ይውላል። ከፊታቸው አይቀድምም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ደመናው ጣና ላይ እስኪደርስ ድረስ ከሰው ጋር አለመነጋገር ነው። ተሸካሚው ቃል ካመለጠው በረዶው ቃሉን ይሰማና ወደ ተናገረበት ቦታ ይመጣል ይሉኝ ነበር። ይህን ሕግ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው፤ ለውጭ ሰው አይነገርም። እኔም ለማንም አልነገርኩም፤ ለእህቴም ቢሆን።

እህቴ ታናሼ ናት። ቁሐር ሚካኤል ከሚባለው መንደር ነበር ያገባችው። ባሏ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በንዳድ ሞተ፤ ሦስት ልጆች ጥሎባት። የቀረቻት አንዲት የጤፍ ማሳ ነበረች፤ ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ ትንሽ ከፍ ያለች። ለምና አሳርሳ፣ ከልጆቿ ጋር አርማ፣ ጤፏ አፍርታ አንገቷን ደፍታ ነበር። ያቺ ማሳ ከጠፋች ዓመቱን የሚያሻግራት ሌላ እህል የላትም። ከዚያ ቀን በፊት ጥቂት ቀን ቀደም ብዬ ሄጄ አይቼላታለሁ። «እታለም፣ እስቲ እጅሽን አስገቢበት» ብላ እንደ ሕፃን ፀጉር አስዳስሳኝ ነበር።

መስከረም እያለቀ ነው። ጠዋት ሊቀመንበሩ በበረት በኩል ዞሮ መጣ። በፊት ለፊቱ በር አልመጣም፤ ሰው እንዳያየው በፍግ ክምሩ ላይ ረግጦ ነው የገባው። ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እበት ነበር፤ በዚያው ጫማ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ይህ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር በነሐሴው ስብሰባ የባሌን አጎት በሰው ፊት አስነስቶ ደብተራው በገበሬ ላብ የሚኖር መዥገር ነው፣ በረዶ የረጋ ውሃ እንጂ ሌላ አይደለም፣ አንተ ምኑን ትመልሰዋለህ ብሎ አስቆባቸዋል። እሳቸው ያን ቀን አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሰው ሳቀ። ሲስቅ የነበረው ሰው ግን በማግሥቱ አንድ በአንድ እየመጣ ማሳውን አደራ ብሏቸዋል።

«እንዴት አደሩ መሪጌታ» አለ ሊቀመንበሩ። መሪጌታ ብሎ ሲጠራቸው የዚያን ዕለት ገና ሰማሁ።

የመጣው ስለ ሩዙ ነው። ሩዝ ያኔ ለአገራችን አዲስ ነበር። ከላይ ከመንግሥት አምጥተው በወል እርሻው ላይ አዘሩን፤ ሰዉ የወፍ ቀለብ እያለ ይሥቅበታል። አሁን አፍርቷል፤ ከነገ ወዲያ ትልልቅ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። በረዶ ከመታው የሚያሳየው የለውም፤ ወንበሩም ትሄዳለች።

«ዛሬ ሰማዩ ደስ አላለኝም» አለ። «ይጠብቁልኝ። የትም ይሂድ፤ ሩዙ ላይ ብቻ እንዳይወርድ።»

«የረጋ ውሃ ነው ስትል አልነበረም እንዴ ልጄ?»

«እሱ የስብሰባ ነገር ነው።»

ይህን ሲል አላፈረም። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ፊታቸው በራ። በሳቀባቸው ሰው መፈለጋቸው ደስ አሰኛቸው። እሱ ሲወጣ እኔ የረገጠውን እበት ከመደቡ ላይ ፋቅሁ።

እስከ ቀትር ነፋስ የሚባል አልነበረም። ዝንቡ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ጣራ ገዳም በኩል ደመና ተነሳ፤ እሳት ላይ እንደ ተረሳ ወተት እየገነፈለ ወደ ላይ ወጣ። አናቱ ነጭ ነው፤ ሆዱ ግን እንደ ከረመ ቁስል ጠቁሮ አረንጓዴ ይዟል። እንዲህ ያለ ሆድ ያለው ደመና በረዶ ነው። አቅማዳውን አዘልኩና ከኋላቸው ወጣሁ።

ክረምቱ ገና ከሜዳው አልወጣም ነበር። ፎገራ በመስከረም እንደዚያ ነው፤ ከሩቅ አረንጓዴ ነው፤ ሲገቡበት ውሃ ነው። ዋልካው እግር ይውጣል፤ ሲመዝዙት ይጮሃል። ውሃው ላይ እበት ይንሳፈፋል። ሰውነቴ ላይ አልቅት ተጣብቆ እያየሁት፣ ጎንበስ ብዬ እንዳላነሳው አቅማዳው ይከብደኛል፤ ሰው እንዳልጠራ ቃል ተከልክያለሁ። በረሃብ ሆዴ እየጮኸ ያንን የሞተ አይጥ ሽታ እየማግሁ ሄድኩ።

ሌላ ጊዜ ጉዞው አጭር ስለነበር፣ እኔም እግሬን ከጭቃ ለማውጣት ስታገል ቀና ስለማልል፣ ልብ ያላልኩትን ነገር ያን ቀን አየሁ። እኔ በረዶ መላሽ ከደመናው ፊት ቆሞ የሚመልሰው ይመስለኝ ነበር። የባሌ አጎት ግን ደመናውን ፊት ለፊት አይገጥሙትም። ቆም ይላሉ፤ ሣሩ ወዴት እንደተኛ ያያሉ፤ ጣታቸውን በምራቃቸው አርጥበው ወደ ላይ ያቆማሉ፤ ከዚያ በሩጫ ዞረው ከኋላው ይሆናሉ። ደመናው ወደ ደቡብ መሄድ ሲጀምር ማረሻውን አንስተው ወደ ደቡብ ያመለክቱና «ሂድ!» ይሉታል። ደመናው ይሄዳል። መሄዱን ቀድሞ ጀምሯል እኮ።

መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ቆይቶ ደመናው ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል አለ፤ እሳቸውም ጣታቸውን አርጥበው አዩና ማረሻውን ወደ ምዕራብ አዞሩት። «ወደ ጣና ሂድ!» አሉ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ወደ ደቡብ ቀና፤ እሳቸውም ዝም ብለው ማረሻውን አቀኑ። ከብት ወዶ ወደሚሄድበት ከኋላ ሆኖ ሂድ እንደሚል እረኛ። ሦስት ዓመት ቆዳዬን ያገማው ሥራ ይህ ነበር።

ሩዙን ደመናው በጎን በኩል አለፈው። ትልልቅ የዝናብ ጠብታ ወርዶበት ቀረ። ያኔ ወደ ቤታችን በተመለስን ነበር፤ ነገር ግን ያልተሸኘ ደመና ይመለሳል ስለሚሉ ሐይቁ ላይ እስኪገባ መከተል አለብን። ተከተልን። ደመናው ግን ወደ ሐይቁ አልዞረም፤ ወደ ቁሐር ነው የያዘው። ልቤ መምታት የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ለምን እሳቸውን አላናገርኩም ብትሉ፣ ማየት ሌላ ማመን ሌላ ነው። ዓይኔ ያየውን ልቤ ገና አልተቀበለውም። ብናገር በረዶው ቃሌን ሰምቶ ወዳለሁበት ይመጣል፤ እኔ ያለሁት ደግሞ ወደ እህቴ ደጅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ ነፋሱ ወረደ። እንዴት ብዬ እንደምገልጸው እኔ እንጃ። ከደመናው ሆድ አንድ ነገር ተንጠለጠለ፤ መጀመሪያ እንደ ላም ጡት ሆኖ፣ ኋላ እየረዘመ እንደ እባብ እየተወላገደ መሬት ነካ። ከእኛና ከቁሐር ቤቶች መካከል ባለው ግጦሽ ላይ ነው የቆመው። የትቢያ አውሎ በበጋ ብዙ አይቻለሁ፤ ይህ ግን ውሃ ነው የሚጠጣው። ረግረጉን ከነጭቃው፣ ከነእበቱ፣ ከነእንቁራሪቱ ወደ ላይ መጠጠው። ድምፁ ወረታ ያለውን የናፍጣ ወፍጮ ጆሮ ላይ እንዳስጠጉት ያለ ነው። ሁለት የሳቢሳ ወፎች እየተሽከረከሩ ሲወጡ አየሁ፤ የአንድ ከብት ጠባቂ ዳስ ክዳኑ ተነቅሎ እንደ ባርኔጣ ሄደ። የጠጣውን ደግሞ መልሶ ይተፋል። ፊቴ ላይ የወደቀው ጭቃ ብቻ አልነበረም፤ የተፈጨ እንቁራሪት ነበር፤ አፌ ውስጥ ገብቷል። ያን ጣዕም አትጠይቁኝ።

የባሌ አጎት ማረሻውን ጥለው ጭቃው ላይ በደረታቸው ወደቁ። ጋቢያቸውን አናታቸው ላይ ከመሩና እግሬን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እናቴን! እናቴን!» ይላሉ። ሽማግሌ ሰው ሲፈራ ማየት ያሳዝናል፤ አሳዝነውኝም ነበር። ግን ወዲያው ከጋቢው ሥር ሆነው «ተናግረሻል አንቺ! ተናግረሽ ነው ወደኛ የመጣ!» ሲሉኝ ሐዘኔታዬ እንደ ሰባራ እንስራ ውሃ ፈስሶ አለቀ። አይደለም ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁላቸው። ያኔ እንኳ አልተናገርኩም።

አውሎው እየቀጠነ ሄዶ ተበጠሰ። እንደተበጠሰ በረዶው ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሽምብራ ነበር፤ ኋላ እንደ ሎሚ ሆነ። ለካ የእህቴ ማሳ ዳር ደርሰናል። እህቴ ሰፌድ አናቷ ላይ ደፍታ በጤፉ መካከል ወደኛ ስትሮጥ አየኋት፤ በረዶው ሰፌዱን እየበሳው።

«እታለም! እታለም፣ ንገሪልኝ! ይመልሱልኝ በያቸው!»

አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። ደግሞ ከፈትኩ። ብናገር ይብስባታል ብዬ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለእሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሷ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ጓዝ ይዤ ቆሜ እያየኋት የማልመልስላት እህቷ ነኝ። ዞር ብላ የባሌን አጎት አየች። እሳቸው ከጭቃው ተነስተው በረዶው አናታቸውን እንዳይፈነክተው ማረሻውን በሁለት እጃቸው ከጭንቅላታቸው በላይ ይዘዋል። ራሳቸውን ሊከልሉ ነው። ለሚያይ ሰው ግን ማረሻውን አንስተው በማሳዋ ላይ በረዶ የሚጠሩ ይመስላሉ።

ሰፌዱን ጣለች።

«አንቺም?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

በረዶው እንጀራ ተጋግሮ እስኪያልቅ ድረስ እንኳ አልቆየም። ጤፉ እንደ ታኘከ ሣር ሆነ፤ ጭቃና ነጭ በረዶ፣ በመካከሉ የተጨፈለቀ እህል፣ የሞተ ወፍ። የተቀጠቀጠ ቅጠል ሽታ ከአቅማዳው ሽታ ጋር ተቀላቀለ። ደመናው ቀጥሎ ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ጣና ላይ ገባ። ቃሌ ያን ጊዜ ተፈታልኝ። ደጇ ሄጄ ጠራኋት፤ አልከፈተችም። በግድግዳው ስንጥቅ ልጆቿ ያዩኛል፤ እነሱም አልመለሱልኝም።

ስንመለስ ፀሐይ ወጥታ ሁሉን ነገር ማግማት ጀምራለች። የማኅበሩ ጎተራ ደጃፍ ሊቀመንበሩ ከጥቂት ገበሬዎች ጋር ቆሟል። ሩዙ ቆሟልና ደስ ብሎታል። ሰው እየሰማ ስለሆነ የምሩ እንዳይመስልበት እንደ ቀልድ አድርጎ ነው የጠየቃቸው።

«እና የት ወሰዱት መሪጌታ?»

እኔ መልሱን ጠበቅሁ። በመንገድ ሁሉ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር፤ አዝነዋል ብዬ ነበር። የእህቴን ማሳ አይተዋል፤ ልጆቿን ያውቃሉ፤ ሲወድቁም እግሬ ላይ ነው የወደቁት። ቀና አሉ።

«ወደ ቁሐር ነው የሸኘሁት» አሉ።

ገበሬዎቹ በአፋቸው አየር ሳቡ። ሊቀመንበሩ ሳቀና ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ጭቃቸው እጁ ላይ ቀረ፤ በሱሪው ጠረገው። ያን ጊዜ ያቅለሸለሸኝ ነገር እንቁራሪቱ ካቅለሸለሸኝ ይበልጣል።

ቤት ስንደርስ አላስቻለኝም። «አባባ፣ እርስዎ አልላኩትም» አልኳቸው። «ጭቃው ላይ ወድቀው ነበር። እግሬን ይዘው ነበር።»

«ታዲያ ምን ልበል? አልቻልኩም ልበል?» አሉኝ ቀስ ብለው። «አልቻልኩም ካልኩ ነገ ምን ትበያለሽ?»

ማታ ያቀረቡልኝን በላሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጾሜ ነበርና ጠርጌ በላሁ። ይህንንም እንዳልደብቅ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ቁሐር ገብቷል። በማግሥቱ ጠዋት እህቴ መጣች። በእጇ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዛለች፤ እንቁላል የምትጥልላት አንዲቷን። ለእኔ ሰላምታ አልሰጠችም። እግራቸው ሥር ዝቅ ብላ ሳመችና ዶሮዋን ወደሳቸው ዘረጋች።

«አባባ፣ ምን እንዳስቀየምኩዎ አላውቅም» አለች። «ውሃው ሲሸሽ በማሳዋ ላይ ሽምብራ ልዘራ ነው። እሱን ይተዉልኝ። ስለ ልጆቼ።»

የባሌ አጎት ዶሮዋን አዩ። አይቀበሉም ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አይቀበሉም ብዬ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት።

ያኔ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ደመናውን ከኋላ እንደሚከተሉት፣ ምራቅ ባስነካው ጣታቸው ነፋሱን እንደሚያዩ፣ ማረሻውን ያነሱት ለጭንቅላታቸው እንደሆነ፣ እኔም ዝም ያልኩት በሕጉ እንደሆነ፣ ለእሷ ብዬ እንደሆነ፣ ሁሉንም። እሳቸው አላቋረጡኝም፤ ዶሮዋን ደረታቸው ላይ ይዘው ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ። ወሰድኩባቸው። የእግሯን ገመድ ፈታሁና ለእህቴ መልሼ አስጨበጥኳት።

እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ማንም አልላከብሽም፣ ማንም አልጠላሽም ብዬ ነው የነገርኳት።

«ልታስጨርሺኝ ነው?» አለችኝ። «ትናንት ዝም ማለት የቻልሽ ዛሬ ምን አናገረሽ?»

ዶሮዋን መልሳ እሳቸው ጭን ላይ አኖረችና ገመዱን ከእጄ ነጥቃ ራሷ አሰረቻት። ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ከዚያ እንደገና እግራቸውን ሳመች፤ ስለ እኔም ይቅርታ ለመነቻቸው። እሳቸው «እግዚአብሔር ይማርሽ» አሏት።

ዶሮዋ በልብሴ ላይ ኩሷን ለቃብኝ ነበር። ሳልታጠብ ወጣሁ። ወረታ ከተማ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ጋን አጣቢ ሆኜ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙ አገር ዞርኩ፤ አንድ ቦታ መርጋት እምቢ አለኝ። የባሌ አጎት ሌላ ተሸካሚ አገኙ። ሊቀመንበሩ እንግዶቹን ሩዙን አሳይቶ ተጨበጨበለት።

የእህቴ ልጆች ያን ዓመት በየዘመዱ ቤት ተበተኑ፤ ትልቋ ደብረ ታቦር ሠራተኛ ሆና ሄደች፤ በኋላም አልተመለሰችም። ሽምብራው ግን አማረ። በጥር ላይ እህቴ የሽምብራ እሸት በጀርባዋ ይዛልኝ ወረታ ድረስ መጣች። ታርቃኝ ነው የመጣች፤ እኔም እሷን ከማጣት ሌላ የምፈራው ነገር አልነበረኝም። ጋኖቹ አጠገብ ተቀምጠን ስንፈለፍል እጄን መታ አድርጋ «አየሽ አይደል?» አለችኝ። «ያቺ ዶሮ ባትኖር ይህም አይኖርም ነበር።»

እኔ አፌ ሙሉ ነበር። እሸቱን አኝኬ ዋጥኩ፤ ሌላ ጨበጥኩ። ጣፋጭ ነበር። ዛሬም ሳስበው የሚያስጠላኝ እሱ ነው፤ ጣፋጭ መሆኑ።